ሩቅ ያለው ባልንጀራ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኝነት ለረጅም ጊዜ ደቡብ ሱዳን ልሄድ ነው። ክትባቱም ሰነዱም አልቋል፤ ያላለቀው ከንስሐ አባቴ ጋር የያዝነው ክርክር ነው፦ የራሴን እናት ጉደር ትቼ የሰው እናት ላዋልድ?

እሳቸው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ያነሳሉ፣ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን ክዷል የሚለውን። እኔ በሉቃስ 10 ያለውን ሳምራዊ እጠቅሳለሁ። ሳምራዊው ግን የቆሰለውን መንገዱ ላይ ነው ያገኘው፤ እኔ ፈልጌ ነው የምሄደው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የገቡት የሰላም ጓድ መምህራንም ፈልገው ነው የመጡት፤ የእነሱም እናቶች አገራቸው ቀርተዋል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ ነው። እናቴን የምትጠብቃት አምቦ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። ፈቃደኛዋ እኔ ነኝ፤ እሷን ማን ጠየቃት? ቅዳሜ እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለች አልሄድም።