እንቅልፍ ኹሉ ስንፍና ነውን?

እንቅልፍ የሚያበዛ ሰው በአባቶቻችን ዘንድ ከሰነፎች ወገን ይቈጠራል፤ ፍርዳቸውም ባመዛኙ የቀና ነው። ዳሩ ግን ሰው የሚነቀፈው ፈቅዶ በሠራው ነገር ነውና፥ ከመንቀፍ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ይህንንም ለመረዳት የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ እንመልከት።

ይህ ደዌ በአገራችን ጥቂት አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ያሳተሙ ሐኪሞች፥ ከ1000 ሰው መካከል 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አገኙ። ከልጆችም አንዳንዱን የሚጥለው በሌሊት፥ ተኝቶ ሳለ ነው። ልጁ ሲነጋ የሆነውን አያስታውስም፤ ሰውነቱ ግን እንደ ደከመ ይውላል። በዚያው አቈጣጠር ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎችን የጠቀመው ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒትም እርሱ ራሱ ያንቀላፋል። እንዲህ ያለው ልጅ በትምህርት ቤት ራሱን ሲደፋ መምህሩ ይቈጣዋል። በጕርምስና ዕድሜ ያለውም ሌላው፥ ከመኝታው እንደ ተነሣ ክንዱ በድንገት እየተወራጨ ሲኒ ከእጁ ቢወድቅ፥ እናቱ ግድ የለሽ ትለዋለች። ኹለቱም ባልበደሉት ይቀጣሉ።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «እንዲህ ከሆነ ልጁ በበሽታው እያመካኘ መለገም ይለምዳል» ይል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ በልጁ ፈቃድ ሥር ያለ ድርሻ አለ፤ ይኸውም በጊዜ መተኛትና መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር አለማቋረጥ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሰዋልና። ይህን ቸል ቢል ሊመከር ይገባዋል። ከዚህ የተረፈው ግን የእኛ ዕዳ ነው።

የእኛስ ዕዳ ምንድር ነው? መምህሩ አለንጋ ከማንሣቱ በፊት ወላጆቹን ይጠይቅ፤ ወላጆቹም የድካሙን ነገር ለሐኪሙ ይንገሩ። በበዓል ሌሊት ልጁ ከማኅሌቱ ቆሞ ለማደር ቢመኝ፥ ታላላቆቹ «ልጄ ሆይ፥ አንተ ተኛ፤ እኛ ስለ አንተ ቆመን እናድራለን» ይበሉት። በመተኛቱ እምነቱ አይጐድልበትም። የታመመን ልጅ ዕረፍት የሚጠብቅ ሰውም ሌሊቱን በትጋት አድሯል።