አምባ ከፍ ብሎ አይደለም

አሊዩ አምባ ስሄድ አብሮ አደጌ «አንተማ ወጣህ!» አለኝ። እሱ አባቱ ሲሞቱ ከአስረኛ ክፍል ትምህርት አቆመ። እኔ ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ኮድ እጽፋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ።

ስመለስ ግን «አምባ» የሚለው ቃል ከነከነኝ። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ የውጭ ጂኦሎጂስቶችም ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። በሰሜኑ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ አገሩን አለበሰው። ከዚያ ውሃ ሸረሸረው። ጠንካራ ድንጋይ ከላይ የሸፈነው ቦታ ቀረ፤ ሌላው ታጥቦ ሄደ። አያችሁ? አምባው አልወጣም፤ ዙሪያው ነው የወረደው።

ቋንቋችን ግን ይህን ይረሳል። አምባው ላይ የገነነውን «አምባገነን» እንለዋለን፤ እሱም ቁመቱ የራሱ ይመስለዋል። እኔስ? የእኔ አባት እስክመረቅ ኖሮልኛል። ከላዬ ድንጋይ ነበረኝ፤ ጓደኛዬ አልነበረውም። ልዩነታችን ጉብዝና ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ታዲያ የቀረ ሰው ዕዳ አለበት? አምባ ሁለት ዓይነት ሆኖ ያውቃል። በግሸን አምባ የነገሥታት ልጆች ታስረውበታል፤ በአሊዩ አምባ ደግሞ ከሐረርና ከታጁራ የመጣ ሲራራ ነጋዴ አርፎበታል፣ ገበያ ቆሞበታል። ቦታው ከፍ ማለቱ ሳይሆን መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው ለሰው የጠቀመው።

እናቴ ሲያማት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ያ ጓደኛዬ ነው። እስካሁን «ወጣህ» ሲለኝ ዝም እል ነበር። ከእንግዲህ ዝም ማለት ውሸት ይመስለኛል።