በሌላ ሰው ስም ስለሚጻፍ የፍቅር ደብዳቤ



የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ይህን ዐይነቱን ታሪክ ያውቀዋል፤ ይኸውም ደብዳቤ ከአንዱ እጅ ወጥቶ በሌላው ስም የሚደርስበት፣ ተቀባይቱም ጸሐፊውን ሌላ ሰው መስሏት የምትሳሳትበት ነው። አንባቢው ምሥጢሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይሥቃል፤ የተታለለችው ግን አታውቅምና አትሥቅም። እኛ መጽሐፍ ማንበብን አንነቅፍም፤ ዳሩ ግን በመጽሐፍ ያሣቀህ ነገር በሕይወትህ ቢደርስ ያሥቅህ እንደ ኾነ ልብህን ትጠይቀው ዘንድ እንወድዳለን።

ከእነዚህ ታሪኮች እጅግ የታወቀውን አንዱን እናንሣ። ኤድሞን ሮስታን የተባለ ፈረንሳዊ ባለቅኔ «ሲራኖ ደ ቤርዥራክ» የሚባል ተውኔት ደርሶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓመት በፓሪስ ከተማ አሳየ። በዚህ ተውኔት ውስጥ ሲራኖ ደፋር ወታደርና ቅኔ ዐዋቂ ነው፤ ነገር ግን አፍንጫው ከመጠን ያለፈ ትልቅ ስለ ኾነ ማንም ሴት አትወድደኝም ብሎ ተስፋ ቈርጧል። ዘመዱን ሮክሳንን በልቡ ይወድዳታል፤ እርስዋ ግን ክርስቲያን የሚባለውን መልከ መልካም ወጣት ወደደች። ክርስቲያንም መልክ እንጂ አንደበት አልነበረውም። ስለዚህ ኹለቱ ተማክረው የአንዱን መልክና የሌላውን ቃል አጋጠሙ፤ አንድ ሰውም አስመሰሉ። ሲራኖ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ክርስቲያን በስሙ ይሰጣታል። በጨለማም ሲራኖ ከሰገነትዋ በታች ቆሞ በክርስቲያን ፈንታ ተናገረ፤ በዚያችም ሌሊት ሮክሳንና ክርስቲያን ተጋቡ።

ወዲያው ኹለቱ ወታደሮች በ1640 ዓመት ወደ ኾነው ወደ አራስ ከበባ ዘመቱ። ሲራኖ በጠላት መካከል እያለፈ፣ ክርስቲያን እንኳ ሳያውቅ፣ በስሙ ደብዳቤ ይልክላት ነበር። ሮክሳንም በደብዳቤዎቹ ተስባ ወደ ሰፈሩ መጣች፤ አኹን የምትወድደው ነፍሱን እንደ ኾነ፣ መልኩ ቢጠፋም እንደማትተወው ለባልዋ ነገረችው። እርስዋ ይህን ለደስታው ተናገረች፤ ክርስቲያን ግን የምትወድደው እርሱን እንዳልኾነ በዚህ ቃል ዐወቀ። ያን ጊዜ እውነቱ ይነገራትና ራስዋ ትምረጥ አለ፤ ዳሩ ግን ሳይነገራት በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሲራኖም ከዐሥር ዓመት በላይ ዝም አለ፤ ሮክሳንም በገዳም ተቀምጣ ደብዳቤዎቹን ላልጻፈላት ሰው አለቀሰች። እውነቱን የተረዳችው ሲራኖ በሚሞትበት ምሽት፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ በጨለማ በቃሉ ሲወጣው በሰማች ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከሦስቱ ክፉ ሰው ማን ነበር? ማንም አልነበረም። ኹለቱም ወንዶች ወደዷት፤ ነገር ግን ማንን እንደምታገባ ሳታውቅ እሺ አሰኟት። የነገሩ ሥር ይህ ነው። ያላወቀ ሰው እሺታ እሺታ አይደለም። ወርቅ የሰረቀ ሌባ ወርቁን ይመልሳል፤ የሰውን ምርጫ የሰረቀ ግን ያለፈውን ዕድሜ በምን ይመልሳል? ያም ወጣት ከመዠመሪያው በስሙ ክርስቲያን ነበረ፤ የክርስቲያን ሥራ የሠራው ግን ራስዋ ትምረጥ ባለ ጊዜ ነው፤ ያም ጊዜ ዘገየ።

ቅዱስ መጽሐፍም እንዲህ ያለውን ነገር ሳይሸሽግ ይነግረናል። ያዕቆብ እጁንና አንገቱን በፍየል ቆዳ ሸፍኖ፣ ዐይኑ ለፈዘዘው አባቱ ዔሳውን መስሎ ቀረበ (ዘፍጥረት 27)። ከዚህ በኋላ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ለላባ አገለገለ፤ በሠርጉ ሌሊት ግን ላባ ልያን አስገባለት፤ ነግቶ ቢያያት ራሔል አልነበረችም (ዘፍጥረት 29)። አባቱን ያታለለ በዐማቱ ተታለለ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከያዕቆብ ይልቅ ግን የልያ ነገር ያሳዝናል፤ በእኅትዋ ስፍራ ተሰጥታ፣ ባልዋ እኅትዋን አብልጦ ሲወድድ እያየች ኖረችና። ማታለል የተታለለውን ብቻ ሳይኾን የማታለያ ዕቃ የተደረገውንም ይጎዳል።

ምናልባት፣ ቃል ማሳመር የማይችል ሰው ወዳጁን ቢያጽፍ ምን ኀጢአት አለው? ትል ይኾናል። ማጻፍስ ኀጢአት አይደለም። በሀገራችን ፊደል ያልቈጠረ ሰው ደብዳቤውን በሌላ እጅ ሲያጽፍ ኖሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት ያጻፈው ጤርጥዮስን ነው፤ ጤርጥዮስም አልተሸሸገም፤ በምዕራፍ 16 በገዛ ስሙ ሰላምታ አቀረበ። ደግሞ የተሰሎንቄ ሰዎች ከእርሱ የመጣ በሚመስል መልእክት እንዳይታወኩ አስጠነቀቀ፤ በገዛ እጁም ሰላምታውን ጽፎ ይህን የመልእክቱ ኹሉ ምልክት አደረገው (2ኛ ተሰሎንቄ 2 እና 3)። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውል፤ ጤርጥዮስ እጁን አዋሰ፤ ሲራኖ ግን ልቡን አዋሰ። እጅን መዋስ ይቻላል፤ የሌላውን ልብ ተውሶ የእኔ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።

ዛሬ ደብዳቤው በፖስታ ብቻ አይመጣም፤ በስልክ በቅጽበት ይደርሳል። የሌላውን ፎቶግራፍ የራሱ አስመስሎ የሚልክ አለ፤ ሚስቱን ወይም ልጆቹን የሚሸሽግ አለ፤ ሌላው ያቀነባበረለትን ቃል ገልብጦ የሚሰድድ አለ። መንገዱ ተለወጠ፤ ኀጢአቱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ቃልህ ድኻ ቢኾንም በራስህ ቃል ጻፍ። ተንተባትቦ እውነት የተናገረ፣ አሳምሮ ከዋሸ ይሻላል። ወዳጅህ በስሙ ትጽፍለት ዘንድ ቢለምንህ፣ ሄዶ ራሱ ይናገር ዘንድ አደፋፍረው እንጂ ብዕርህን አትስጠው። ደብዳቤ የሚደርስሽ አንቺም፣ ጽሑፉ ደስ ስላሰኘሽ ብቻ ልብሽን አትስጪ፤ ሰውየውን በብርሃን እዪው፤ ወላጆችሽና ሽማግሎችም ይዩት።

አስቀድመህ አታልለህ እንደ ኾነ ግን፣ ሠርጉ ሳይደርስ ዛሬ ሂድና ንገራት። ምናልባት ትተውህ ይኾናል፤ ይህን ልንሸሽግህ አንወድድም። ነገር ግን እውነት ነግረሃት ብትሄድ ያጣኸው እርስዋን ነው፤ ዋሽተህ ብትቀር ግን በቤትህ የምትወድደው ሌላ ሰው ነው፤ አንተም በገዛ ቤትህ እንግዳ ትኾናለህ።

ጌታችን ፍቅሩን በቃል ብቻ አላከልንም፤ ራሱ ሥጋ ለብሶ መጣ። ቶማስ በተጠራጠረ ጊዜም የተወጋውን እጁንና ጎኑን አሳየው እንጂ ቍስሉን አልሸሸገም። እኛም የምንወድደው ሰው ፊት ቍስላችንን ሳንሸሽግ እንቆም ዘንድ እርሱ በጸጋው ይርዳን። አሜን።