ሙት ወቃሽ



በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ነገር የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። ከጥንት ግሪክ ሰባት ጠቢባን አንዱ የስፓርታው ኪሎንም የሞተን ሰው እንዳናማ መክሯል ይባላል። ሙት ተነሥቶ መልስ አይሰጥምና ክልከላው ተገቢ ነው። እኔም ሳልመረምረው ተቀብዬው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛልና በዚህ በምንቀባበለው ወረቀት ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ይኸውም፦ የሟችን ጥፋት የምንሸሽገው ለሟቹ ስንል ነውን? ወይስ ለራሳችን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደጉኝ አያቴ ባለፈው ወር ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር አረፉ። በስደተኛነት ሲመዘገቡ የተወለዱበት ቀን እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ጣሊያን ሲገባ ጡት የጣልሁ ነኝ» ይሉ ነበር። ወረራው በ1928 ዓ.ም. ነውና ዘጠናን አልፈዋል ማለት ነው።

ኪሌሌሽዋ ቀድሞ ሰፋፊ ጓሮ ያላቸው ቪላዎች ሰፈር ነበር። አሁን ብዙው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። አያቴ ከአክስቴ ጋር ከአንዱ ፎቅ ጀርባ ባለች የሠራተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ኖሩ። ጠዋት ጠዋት ከሰል አያይዘው ቡና ያፈላሉ፤ በረካው የግቢው ዘበኞች ድርሻ ነበር። ዘበኞቹም «ሾሾ» ይሏቸዋል፤ በኪኩዩ አያት ማለት ነው። በጥቅምት ጃካራንዳው ሐምራዊ አበባውን ሲያራግፍ «የእኛው አደይ ይስቃል፤ ይኼ ግን ኀዘንተኛ ነው» ይሉ ነበር።

ከካምፕ የመውጫ ፈቃድ በጊዜው ስላልደረሰልኝ ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም። አክስቴ ደውላ «ከቤተሰቡ ፊደል የቆጠርህ አንተ ነህ፤ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ» አለችኝ። ሌሊቱን ጽፌ ላክሁ፤ ላንጋታ መቃብር ላይ ተነበበ። ደግነታቸውን፣ ጾም ጸሎታቸውን፣ ያሳደጓቸውን ልጆች ዘርዝሬ ነበርና ሕዝቡ አለቀሰ አሉኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ትቼ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ለሕክምና ፈቃድ አግኝቼ እርሳቸው ዘንድ በሰነበትሁ ጊዜ፣ አንድ ምሽት የነገሩኝ ነው። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ አዲስ አበባ ጉለሌ ይኖሩ ነበር። አንድ ሌሊት ከሰዓት እላፊ በኋላ በራቸው ተንኳኳ። «እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ። ዐወቁት፤ የጎረቤት ልጅ ነው። ከውስጥ አራት ልጆቻቸው ተኝተዋል። የሚፈለግ ሰው ያስጠጋ ቤት ምን እንደሚደርስበትም ያውቃሉ። ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉና ዝም አሉ። ልጁ ጥቂት ቆይቶ ሄደ። በማግሥቱ ሬሳው መንገድ ዳር ተገኘ። በዚያ ዘመን በቀይ ሽብር ለተገደለ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ነበርና እናቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። አያቴ ይኸን ነግረውኝ ሲያበቁ «እኔ ስሞት ስሜ በተጠራበት የእርሱም ይጠራልኝ። የክርስትና ስሙን አላውቀውም፤ እግዜር ያውቀዋል» አሉኝ።

አሁን የአርባ ተዝካራቸው ደርሷል። ይኸን ልጻፈው ወይ ብዬ አክስቴን ብጠይቃት «ሙት ወቃሽ ልትሆን ነው? እናቴን በሰው ፊት አታዋርዳት!» አለችኝ። አክስቴም እውነት አላት። ዘጠና ዓመት የኖረች ነፍስ በአንዲት ሌሊት ልትመዘን አይገባም። ሰሚውም ደጉን ሁሉ ረስቶ በሩን ብቻ ይዞ ይሄድ ይሆናል። ደግሞስ ከእኛ መካከል በሩን እከፍት ነበር ብሎ የሚምል ማን ነው?

ነገር ግን ከተኙት አራት ልጆች አንዷ እናቴ፣ ሌላይቱ ይህችው አክስቴ ነበሩ። በሩ ተከፍቶ ቢሆን እኔ ምናልባት አልወለድም ነበር። እንግዲህ የምንሸሽገው የአያቴን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የእኛ ሕይወት የቆመበትን ዋጋ ጭምር ነው። አያቴ ሳይሸሽጉት የሞቱትን እኛ ስንሸሽግላቸው፣ ክብራቸውን ጠበቅን ማለት ይቻላልን?

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደሚለው፣ በጥንት ግብጽ ሬሳ ከመቀበሩ በፊት ማንም ሟቹን መክሰስ ይችል ነበር፤ ክሱ ከተረጋገጠ ቀብሩ ይከለከላል። ይህ የጨከነ ፍርድ ነው። የእኛ አበው ትረካ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። በተአምረ ማርያም የሚነገርለት በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ መብላቱ አልተሸሸገለትም። ጥፋቱ ባይነገር ኖሮ ለተጠማው ሰው የሰጣት ጥርኝ ውሃ ትርጉም ባልኖራትም ነበር።

ስለዚህ መውቀስና መመስከር የተለያዩ ይመስሉኛል። ወቃሽ ራሱን ከጥፋቱ ውጭ አቁሞ ይናገራል። ምስክር ግን «እኔም ከበሩ ውስጥ ነበርሁ» ይላል። ያ ልጅ ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ያነበበለት ሰው የለም። አያቴ ባያስታውሱት ኖሮ እኔም መኖሩን አላውቅም ነበር።

ለአክስቴ ደግሜ ደውዬ ይኸንኑ ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኋላ «ሲንኳኳ እኔም ነቅቼ ነበር። ለእናቴ አንድም ቀን አልነገርኋትም» አለች። በተዝካሩ ቀን የልጁ ስም ከአያቴ ስም ጋር ይጠራል። ስም ሳልጠራ እዚህ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች።

ወገኖቼ፤ በዚህ ካምፕ ያን ጊዜ ከበር ውስጥ የነበርን፣ ከበር ውጭም የነበርን፣ መሣሪያ ይዘን የመጣንም አለን፤ ዛሬ ከአንድ ቧንቧ ውሃ እንቀዳለን። ለሙታኖቻችን ምን ያህል እውነት አለብን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን በሚቀጥለው ወረቀት እጠብቃለሁ።