«ይቅር» ስንል የምንተወው ምንድን ነው?



በየቁምስናችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው የተጣሉትን በሚያስታርቁበት ጊዜ፣ ተበዳዩ ደጋግሞ የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፤ እርሷም «ይቅር በል» የምትለው ናት። መልካም ቃል ናት፤ ስንት ቤት ከመፍረስ፣ ስንት ደም ከመፍሰስ አድናለች። ይሁን እንጂ ካቴኪስቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡልን ጥያቄ ከዚህችው ቃል የሚፈልቅ ነው። መሬቱን የተነጠቀ ወይም ያበደረውን ገንዘብ የተካደ ሰው፣ ይቅር ካለ በኋላ ንብረቱን ሊጠይቅ ይችላልን? ከጠየቀስ ይቅርታው ሐሰት ነበር ማለት ነውን? ለመልሱ ይረዳን ዘንድ የምሥራቅና የምዕራብ ሕዝቦች ይህን ነገር በየቋንቋቸው ምን ብለው እንደ ጠሩት እንመልከት።

በአማርኛችን «ይቅርታ» የተገኘው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። ዝናብ ሲበረታ ጉዞው ቀረ፣ ሙሽራው ሲታመም ሠርጉ ቀረ እንላለን። ስለዚህ «ይቅር በል» የተባለ ሰው ነገሩን ማንሣት እንኳ እንደ ተከለከለ አድርጎ ቢረዳው አያስደንቅም። ነገር ግን ይኸው ግሥ ሌላም ገጽ አለው። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ «ሃያ ብር ይቀርብሃል» ሲል፣ የሚናገረው ስለ ተተወው ሳይሆን ገና ስላልተከፈለው ነው።

በግእዝ «አቡነ ዘበሰማያት» በምንጸልይበት ጊዜ ይቅርታን የምንለምንበት ግሥ «ኀደገ» ነው፤ ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነው። ወንጌላውያን በግሪክኛ የጻፉት «አፊዬሚ» የሚለው ግሥም እንደዚሁ ነው። ደቀ መዛሙርቱ መረባቸውን ትተው ጌታን ተከተሉ ሲባል (ማር. 1፥18)፣ ባል ሚስቱን አይተዋት ሲባል (1ኛ ቆሮ. 7፥11)፣ ኃጢአት ተሰረየ ሲባልም ያው አንዱ ግሥ ነው። የላቲኑ «ዲሚተሬ» ደግሞ ማሰናበት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ምሥራቁም ምዕራቡም ከእኛ ጋር ይስማማሉ፤ ይቅርታ መተው ነው።

ታዲያ የሚተወው ምንድን ነው? በጌታችን አፍ መፍቻ ቋንቋ በአራማይክ «ሖባ» የሚለው ቃል ዕዳም ኃጢአትም ማለት ነው። ስለዚህም በዚያው በጌታ ጸሎት ማቴዎስ በግሪክኛ «ዕዳ» ሲል (6፥12)፣ ሉቃስ «ኃጢአት» ብሎ ይጀምርና የባልንጀራን በደል ሲያነሣ ወደ ዕዳ ይመለሳል (11፥4)። ጀርመኖችም እስከ ዛሬ ዕዳንና ጥፋትን «ሹልድ» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። እኛ በግእዙ «አበሳ»፣ በአማርኛው «በደል» ስለምንል፣ የዕዳው ምሳሌ ከጆሯችን ርቋል። ይህም ያጎደለብን ነገር ያለ ይመስለናል፤ ዕዳ ሳይቈጠር አይተውምና። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ የምናገኘው ንጉሥ አገልጋዩን የማረው ሒሳቡን ከተሳሰበና ዕዳው አሥር ሺህ መክሊት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። መጠኑን ሳያውቅ የተወ ባለገንዘብ ዘነጋ ይባላል እንጂ ማረ አይባልም።

የምዕራቡ ዓለም በኋለኛው ዘመን ሌላ ቃል ጨመረ። በኋለኛው ላቲን «ፔርዶናሬ» ፈጽሞ መስጠት ማለት ሲሆን፣ የፈረንሳይኛው «ፓርዶኔ» እና የጣሊያንኛው «ፔርዶናሬ» ከዚያ የመጡ ናቸው። በእንግሊዝኛው «ፎርጊቭ» እና በጀርመንኛው «ፌርጌበን» ውስጥም የመስጠት ግሥ አለ። እንግዲህ ይቅርታ ስጦታ ከሆነ፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊሰጠው አይችልም። ሽማግሌ ሊለምን ይችላል፤ ከሌላው ሰው ኪስ አውጥቶ ግን ሊሰጥ አይችልም።

የዕብራይስጡ ቃል ከሁሉም ይልቅ ይከብዳል። «ሳላኅ» የሚለው ግሥ በብሉይ ኪዳን ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ሲሆን ብቻ የሚነገር ነው። የዮሴፍ ወንድሞች ይቅርታ ሲለምኑ የተነገረው ግን «ናሳ» ነው (ዘፍ. 50፥17)፤ አነሣ፣ ተሸከመ ማለት ነው። ዮሴፍም አለቀሰ፤ ራሳቸውንና ልጆቻቸውን እንደሚመግብ ቃል ገባላቸው። ያሰቡበት ነገር ክፉ እንደ ነበረ ግን ሳይሸሽግ በግልጽ ነገራቸው። በደሉ በአየር ላይ በኖ አልጠፋም፤ የተበደለው ሰው ተሸከመው እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ስኮትላንዳዊው የብሉይ ኪዳን ሊቅ ጄምስ ባር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከቃል ሥር ላይ ትምህርተ ሃይማኖትን የሚገነቡትን አጥብቆ ነቅፏል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው። የቃል ትርጉም በአነጋገሩ ውስጥ እንጂ በአያቱ ዘንድ አይገኝም። በአማርኛ «ተማረ» ዕውቀት ቀሰመ ማለትም፣ ምሕረት አገኘ ማለትም ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ሥር አስሮ መስበክ ያምራል፤ ነገር ግን በግእዝ አስተማረ ለማለት «መሀረ» በሃሌታው ሀ፣ ራራ ለማለት «መሐረ» በሐመሩ ሐ የሚጻፉ ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው። እኛም ቃላቱን የጠራናቸው እንደ ምስክሮች ነው፤ ፍርዱ የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው።

ፍርዱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1459 ላይ፣ የንስሐ ፍትሐት ኃጢአትን እንደሚያስወግድ፣ በባልንጀራ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን በተቻለ መጠን መካስ፣ የተሰረቀውንም መመለስ እንደሚገባ ያስተምራል። ካህን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ካለው በኋላ እንኳ የሌላውን ላም መመለስ ካልቀረ፣ ጎረቤቱ «ይቅር» ስላለው ብቻ እንዴት ይቀራል? ስለዚህ መሬቱን የተነጠቀው ክርስቲያን ጥላቻንና በቀልን የመተው ግዴታ አለበት፤ መሬቱን ግን መጠየቅ ይችላል። መሬቱንም ልተው ቢል መልካም፤ በነጻ ፈቃዱ ይሁን፤ ተገዶ ከሆነ ግን ሁለተኛ ተነጠቀ።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ቆሰሉ። ከአራት ቀን በኋላ በሆስፒታል ሳሉ፣ የተኮሰባቸውን መሕመት አሊ አጃን ወንድሜ ብለው ይቅር እንዳሉት በተቀዳ ድምፅ አሰሙ፤ ፍርድ ቤቱ ገና አልፈረደበትም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ1983 በልደት ሰሞን እስር ቤት ድረስ ሄደው አጠገቡ ተቀምጠው አነጋገሩት፤ የተነጋገሩትንም በሁለቱ መካከል አስቀሩት። የጣሊያን ፕሬዚዳንት ምሕረት ያደረጉለት በ2000 ነው፤ ጳጳሱም በዚህ ደስ ተሰኙ። በእነዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ይቅር የተባለው ሰው በእስር ላይ ነበር።