ማሸነፍ የሚወዱ ሰዎች ስጦታ



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫና ስለ አክሊል ሲጽፍ እሽቅድድምን አልነቀፈም። ታዲያ የቪዲዮ ጨዋታ የሚወድን ወጣት ሁሉ ስለ ምን ከጠፉት እንቆጥረዋለን?

«ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ» በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒንቴንዶ ጨዋታ ነው። ወዳጆቹ ውድድሩን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ከባዱን አሮጌ ቴሌቪዥን (አዲሱ ምስሉን ያዘገያልና) ተሸክመው ይመጣሉ።

በ2013 እ.ኤ.አ. «ኢቮ» በተባለው ትልቅ ውድድር አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። ለጡት ካንሰር ምርምር አብልጦ ያዋጣ ወገን ይወስደዋል ተባለ። የሜሌ ወዳጆች ከ94 ሺህ ዶላር በላይ ሰጥተው አሸነፉ። ለጨዋታቸው ሲሉ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ግን ስጦታው ለምርምሩ ደረሰ። ቦታውን ያጡት የሌሎች ጨዋታዎች ወዳጆች የሰጡት ሲጨመርበት ደግሞ ድምሩ ከ225 ሺህ ዶላር አለፈ።