የሕመሙ ባለቤት ማን ነው?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ዕድሜው ሲደርስ ከሕፃናት ሕክምና ወደ አዋቂዎች ሕክምና ይዛወራል። ከመዝገብ ቤት በኩል ሲታይ ይህ ካርድ ከማዛወር ያለፈ ነገር አይደለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ኪኒኑን ስትቆጥር፣ ቀጠሮውን ስትጠብቅ፣ ለሐኪሙ ስትመልስ የኖረችው እናት ናት። አዲሱ ሐኪም ወደ ወጣቱ ዞሮ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጥለው፣ ምን ያህል እንደሚወስድ ሲጠይቀው የሚመልሰውን የሚያጣ ብዙ ነው፤ የበሽታው ስም በቤቱ ተጠርቶ አያውቅምና።

ቤተሰብ ለምን እንደሚደብቅ እናውቃለን። በአዲስ ዓለምም ሆነ በአምቦ፣ በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል የሚለው ፍርሃት ገና አልጠፋም፤ ሴት ልጅ ባል ታጣለች ተብሎም ይሰጋል። ይሁንና ሕመሙ ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ እንደሚታመሙ አሳይቷል።

ምስጢር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከጎረቤት መሰወር የቤተሰብ መብት ነው፤ ከልጁ ከራሱ መሰወር ግን የእርሱ የሆነውን መንጠቅ ነው፤ በፍቅር ቢደረግም እንኳ። ሕመሙን ያላወቀ ወጣት ደኅና የሆነ በመሰለው ቀን ኪኒኑን በገዛ ፈቃዱ ያቆማል፤ በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ተከታታይ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና አረቄ ሕመሙን እንደሚቀሰቅሱ ማን ይንገረው? ቫልፕሮዬት የምትወስድ ልጃገረድ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል ከጋብቻ በፊት ማወቅ ይገባታል፤ ይህን በእናቷ ፊት መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል። ለእጮኛዋ እውነቱን የምትነግረውም እርሷ ናት እንጂ ሽማግሌ አይደለም፤ የማታውቀውን ግን እንዴት ትናገራለች?

ቤተ ክርስቲያንም ሰውን በበሽታው ስም የመዘነችበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1917ቱ ሕገ ቀኖና ይህ ሕመም ያለበትን ከማዕርገ ክህነት ይከለክል ነበር፤ ክልከላው በ1983ቱ ሕግ ውስጥ የለም። ስድሳ ስድስት ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ጌታ ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ የጠየቀው አባቱን ነው፤ አባትየውም ከልጅነቱ እንደሆነ አስረዳ። ልጁ በታሪኩ ሁሉ አንድ ቃል አይናገርም። በመጨረሻ ግን ጌታ የያዘው የልጁን እጅ ነው፤ በእግሩ የቆመውም ልጁ ራሱ ነው። (ይህን ምንባብ ታማሚ ሁሉ ጋኔን አለበት ለማለት የሚጠቅሱ ይሳሳታሉ፤ ጸሎትም ጸበልም መድኃኒት አያስቆሙም።)

እንግዲህ ዝውውሩ ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት በቤት ይጀመር። ልጁ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም ይጥራ፤ ኪኒኑን ራሱ ይቁጠር፤ ከሐኪሙም ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ይነጋገር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጅ በክፍል ሲወድቅ በጎኑ እንዲያስተኙት፣ በአፉ ምንም እንዳይጨምሩ፣ የክብሪት ጭስም እንዳያሸትቱት ይወቁ። ከሕፃናት ክፍል የመጨረሻው ቀጠሮ ሳያልፍ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው መድኃኒት በምን መጠን እንደተሞከረ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱንም ለልጁ ስጡት።